ታላቅየው ስድሳ እስኪሞላው

ማስታወቂያው የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነው፤ በሠራተኞች መግቢያ፣ የፊርማ መዝገቡ ከሚቀመጥበት ጠረጴዛ በላይ። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያ ማተሚያ ቤት ጡረታ የሰው ወሬ ነበር፤ የአስተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ወሬ። እዚህ ሰው የሚሠራው እስኪያቅተው ነው። ሲያቅተው ባለቤቱ የአንድ ወር ደሞዝ በፖስታ አሽጎ ይሰጠውና እስከ በሩ ይሸኘዋል፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን እግዜር ይወቀው። ማስታወቂያው ግን ከዚህ ወር ጀምሮ ሠራተኛው ከደሞዙ፣ ባለቤቱም ከኪሱ እያዋጡ፣ ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ወር በወር ይከፈለዋል ይላል።

ሁለት ወንድማማቾች ትከሻ ለትከሻ ቆመው አነበቡት። ታናሽየው ጠራዥ ነው፤ መጽሐፍ ይሰፋል፣ ጀርባ ይለብጣል፣ ጣቶቹ ከሙጫ ተላቀው አያውቁም። ታላቅየው ወረቀት ቆራጭ ነው። ከማሽኑ የወጣው ወረቀት ሁሉ፣ ደብተርም ይሁን መጽሐፍ፣ የሠርግ መጥሪያም ይሁን የሐዘን ካርድ፣ በእሱ ምላጭ ሥር ሳያልፍ ከዚያ ቤት አይወጣም።

«አየህ?» አለ ታላቅየው፤ ዓይኑ በርቷል። «ወር በወር! እየተኛሁ፣ እያንኮራፋሁ!»

«ታች ያለውንም አንብበው እንጂ ጋሼ።»

ታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ ስድሳ ሳይሞላው አሥር ዓመት ያላዋጣ፣ ወይም ስድሳ ሳይሞላው ሥራ የለቀቀ፣ ያዋጣው ተመልሶለት ይሰናበታል እንጂ ጡረታ የለውም።

ታናሽየው በዚሁ ወር ሃምሳ ሞልቶታል። ነገሩ ለእሱ በልኩ እንደተሰፋ ኮት ነው፤ አሥር ዓመት አዋጥቶ በስድሳው ይወጣል። ታላቅየው ግን ሃምሳ አራት ነው። ለስድሳ የቀረው ስድስት ዓመት ብቻ ነበር።

«በአራት ዓመት ተበላሁ በለኛ» አለ ታላቅየው፣ ጣቱን ደቃቁ ፊደል ላይ እንደተከለ። «እናታችን ትንሽ ዘግየት ብላ ብትወልደኝ ምን ነበረበት?»

«አንተ ነሃ የተጣደፍከው። እሷ ምን ታድርግ!»

ሳቁ። ታላቅየው ግን ሳቁን ቶሎ ቆረጠ፤ ምን እንደሚያስብ ታናሽየው ያውቃል። አባታቸውን ነው። አባታቸው ጉልበቱ የከዳው ጊዜ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ከአንዱ ልጁ ቤት ወደ ሌላው ይዞር ነበር፤ አንድ ወር እዚህ፣ አንድ ወር እዚያ። ወሩ ሲያልቅ ማንም ውጣ ሳይለው በጠዋት ተነሥቶ፣ አልጋውን አንጥፎ፣ ጥቅሉን ይዞ ደጁ ላይ ይቆማል። እንደ እንግዳ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያንን ጉሮሮ ጠረጋ ታላቅየው ከጆሮው ሊያወጣው አልቻለም። «እኔ በልጄ ደጅ ቆሜ ጉሮሮዬን ከምጠርግ» ይል ነበር፣ ዓረፍተ ነገሩን ግን ጨርሶት አያውቅም።

በማግሥቱ ታላቅየው ሥራ የገባው ፀጉሩን እንደ ቁራ ላባ አጥቁሮ ነው።

«ጋሼ! ቀለም በርሜል ውስጥ ወደቅህ እንዴ?»

«ዝም በል። ከዛሬ ጀምሮ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«ስንት?»

«ሃምሳ እንዳልል ሃምሳውን አንተ ይዘኸዋል። መንታ ነን እንዳልል አንተ ድንክ፣ እኔ የስልክ እንጨት። አርባ ዘጠኝ እንዳልል እናታችን አሳዘነችኝ፤ ከአራስ ቤት ሳትወጣ ሌላ ልታረግዝ ነው። እና አርባ ስምንት አልኩ።»

«እኔስ ምን ልሆን ነው?»

«አንተማ ታላቄ ሆንክ። እንኳን ደስ ያለህ!»

ታናሽየው ሳቀ። በልጅነቱ ከፍ ያለ ዛፍ ላይ ሆኖ ታች ሲያይ የሚሰማው ዓይነት ነገር ግን ተሰማው።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሮ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳውን ሙሉ ፋይል። ኃላፊዋ ገና ወጣት ነበረች፤ እስክሪብቶዋን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትፈልገው ጠረጴዛው ላይ ነው። የልደት ማስረጃ ያለው ያቅርብ፣ የሌለው በቃል አስመዝግቦ አንድ የሥጋ ዘመድ ያስመስክር፣ አንዴ የተመዘገበ ዕድሜ ግን ኋላ አይነካም አለች። ወንድማማቾቹ የተወለዱበት ዘመን ሰው ልጁን የሚጽፈው በልቡ ነው፤ ማስረጃ ከወዴት ይመጣል?

«ዕድሜዎ?» አለችው ታላቅየውን።

«አርባ ስምንት።»

ቀና ብላ አየችው። ከቀለሙ ሥር ያለውን ግንባሩን፣ በአንገቱ ዙሪያ ያለውን መስመር አየች። ያን ጊዜ ነው ታላቅየው ማንም ያልጠየቀውን ነገር የተናገረው። እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አርባ ስምንት ነኝ!» አለ።

«ኧረ እኔ መሐላ አልጠየቅሁዎትም» አለች ደንግጣ። «ፊርማ ይበቃል።»

ቃሉ ግን ወጥቷል። ታናሽየው ወንድሙን አየው፤ ለመሐላው የሰጠውን ዓይን አየ፤ ያ ዓይን ወረቀት ላይ ሳይለካ ልኩን የሚያውቅ፣ የአንድ ፀጉር ስፋት ስህተት ከሩቅ የሚለይ ዓይን ነበር። ከዚያ የምስክሩ ተራ ደረሰ። እስክሪብቶው እጁ ላይ ከበደው።

«ፈርም እንጂ፣ ጋሼ» አለው ታላቁ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ብሎ ጠራው። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ሳለ ታናሽየውን በረደው። ፈረመ።

ማታ የታላቅየው ሚስት ነገሩን ስትሰማ እስክትታጠፍ ሳቀች። «ዋርሳዬ፣ ጉዴን ስማ!» አለችው ታናሽየውን፤ «ባሌ ከእኔ በሦስት ዓመት አነሰ! ጎረቤት ልጅ አሳሳተች ይለኛል እኮ!» ከዚያ ሳቋ በመሐል ቆመ። «ቆይ ግን፣ አርባ ስምንት ከሆነ ስድሳ የሚሞላው መቼ ነው?»

«ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ» አለ ታላቅየው።

«በእውነቱ ያን ጊዜ ስንት ትሆናለህ?»

ታላቅየው ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፏ ዘረጋላት።

ዓመቱ ሄደ። ዓመት ሲሄድ ኮቴው አይሰማም፤ ሰው የሚሰማው ከሄደ በኋላ፣ በጉልበቱ ውስጥ ነው። ታላቅየው በየሁለት ሳምንቱ ፀጉር ቤት እየሄደ ያስጠቁራል። በሥራ ቦታ ታናሽየው ጋሼ ማለት አይችልም፤ ሰው ይሰማል። ቃሉ እየመጣ ከጥርሱ ላይ ይመለስና እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ታላቅየው ግን ጨዋታ አድርጎት፣ ኃላፊዋ ባለፈች ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጋሼ፣ እስቲ ያን ቁልል አቀብለኝ!» ይላል። ሠራተኛው ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። ሁሉም የየራሱ ትንሽ ውሸት ፋይሉ ውስጥ አለ።

የቆራጩ ማሽን ከባለቤቱ አባት ዘመን የቀረ ነው። ወረቀቱ ተቆልሎ ይገባል፣ ቆራጩ በእርሳስ የተሰመረውን መስመር ከምላጩ አፍ ጋር ያገናኛል፣ ቁልሉን በግራ እጁ ደግፎ መርገጫውን ይረግጣል፣ አንድ ክንድ የሚያህል ምላጭ ይወርዳል። መጀመሪያ ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱም እጅ ቁልፍ ላይ ካልሆነ ምላጩ እንዳይወርድ ተደርጎ ነበር አሉ። ሁለት እጅ ቁልፍ ላይ ከዋለ ግን ቁልሉን ማን ይደግፋል? ሥራ ይጓተታል። ስለዚህ ገና ድሮ ቁልፎቹ በሽቦ ታስረዋል፤ የታሰሩበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ታላቅየው በዚያ ማሽን ላይ ያንጎራጉር ነበር፤ ምላጩ ዜማውን ይመታለታል። ጠዋት ጠዋት የምትወጣው ይህች ነበረች፦

ዕድሜ ተሸከመኝ፣ ወጥቼ ልይ ደጄን፣
ቀን ሲመሽ አደራ፣ አትልቀቅ እጄን።

ታናሽየው ከሙጫ ጣሳው ጀርባ ሆኖ ይሰማታል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ምላጩ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይወርዳል። ድሮ ደስ ትለው ነበር። አሁን አሁን ስንኟ ሳታልቅ ትንፋሹን መያዝ ጀመረ።

አሥር ዓመት ሞላና ታናሽየው በስድሳው ወጣ። የመጀመሪያዋን የጡረታ ገንዘቡን የተቀበለ ዕለት ለራሱ አዲስ ጫማ፣ ለወንድሙ የሱፍ ሹራብ ገዛ። ታላቅየው ያን ጊዜ በወረቀት ሃምሳ ስምንት ነው፤ በእናቱ ቆጠራ ግን ስድሳ አራት።

ታናሽየው ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ መሞቅ ለመደ። ፀሐዩ ግን አልሞቀውም። ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላል፣ ጋዜጣ ይገልጣል፣ ጆሮው ግን የሌለ ምላጭ ያዳምጣል። በስምንተኛው ወር አልቻለም፤ ተነሥቶ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደ።

ከበሩ ሆኖ ወንድሙን አየው። ታላቅየው ቁልሉን አስገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መስመሩን በዓይኑ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ጥፍር ይፈልገው ነበር። ጥፍሩን በወረቀቱ ላይ እየጎተተ የእርሳሱን ጭረት ይዳስሳል፤ ጣቱ ከምላጩ ሥር ገብቶ ይወጣል። እንጉርጉሮው የለም። ግድግዳው ሥር የተበላሸ ሥራ ተከምሯል፤ የአንድ ትምህርት ቤት መማሪያ መጽሐፍ፣ በየገጹ የመጨረሻው ፊደል ተቆርጦ የቀረ። የግራ እጁ ሌባ ጣት በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ ጣትህን ምን ሆንክ?»

«ምላጩ ሳመኝ» አለ ታላቅየው ሳይዞር። «ከንፈሩ ትንሽ ሹል ነው። አንተ ምን ልትሠራ መጣህ? ጡረተኛ ሰው ፀሐይ ይሞቃል።»

«ዓይንህን አሳየኝ።»

«አልሸጠውም፣ ምን ያደርግልሃል?»

«ጋሼ!»

ታላቅየው ማሽኑን ተደግፎ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሌላ ሰፈር ያለ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ» አለ። «ከጀርባ ያለው ነርቭ ነው አለኝ፤ የሄደው አይመለስም አለኝ። ጎኑ ጨልሟል፣ መሐሉ ገና አለ። እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ነው የማየው። ይበቃል። አሥራ ስድስት ወር ነው የቀረኝ፤ ለአሥራ ስድስት ወር ቀዳዳ ይበቃል።»

ታናሽየው ያ መሐላ ትዝ አለው። ትዝ አለው ማለት አይደለም፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተነገረ ቃል ዞሮ ዞሮ መጥቶ ፊቱ ላይ የቆመ መሰለው። ወንድሙም አስታውሶ እንደሆነ ሊጠይቀው ፈራ።

በዚያው ሳምንት ሚስትየዋ ደጁ ድረስ መጣች። ቀልዷ ሁሉ ጠፍቷል። «ዋርሳዬ፣ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል። ትናንት የልጄን ልጅ ሳያያት ሊረግጣት ነበር። ተው ስለው ‹አባቴን ልሁንልሽ?› ይለኛል። አንተን ይሰማሃል፤ በለው!»

«ከእኔ ጋር ይካፈል» አለ ታናሽየው። «የእኔ ለሁለት ይበቃናል።»

«ያን ብዬው ነበር። ሦስት ቀን አላናገረኝም።»

ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ በማግሥቱ ታናሽየው ለማንም ሳይናገር ወደዚያች ጠባብ ቢሮ ገባ። ኃላፊዋ አሁን ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ እስክሪብቶዋን ግን ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ትፈልጋለች። ተቀመጠና ሁሉን ነገራት፤ ዓይኑን፣ ጥፍሩን፣ ስድሳ አራቱን። «እኔ ነኝ የመሰከርኩት። እኔን እሰሩኝ። እሱን ከምላጩ ሥር አውጡልኝ» አለ።

ኃላፊዋ ከወንበሯ ተነሣች። ሄዳ በሩን ዘጋች።

«አባባ፣ እስከ አሁን የነገሩኝን አልሰማሁም» አለች በለሆሳስ። «ከሰማሁ መጻፍ አለብኝ። ከጻፍኩ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ መዋጮው ይመለስለታል፣ ጡረታው ይቀራል። ለሐኪም ቦርድ ላቅርበው ብል ቦርዱ ዕድሜውን ከሥር መሠረቱ ይመረምራል፤ እዚያው ነን። ሌላ ክፍል ላዛውረው ብል ባለቤቱ መቁረጥ ያቃተውን ቆራጭ በር ላይ አንድ ቀን አያሳድረውም። ያለው አንድ መንገድ ነው፤ ራሱን ልጥራው። እሱ ራሱ የሚለውን እጽፋለሁ።»

ታላቅየው ተጠርቶ መጣ። የበሩን መቃን በእጁ ዳስሶ ገባ። ወንድሙ መቀመጡን ያወቀው ድምፁን ሲሰማ ነው፤ ያወቀ ጊዜ ፊቱ እንደ በር ተዘጋ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው» አለች ኃላፊዋ። «ዕድሜዎ ስንት ነው?»

ታናሽየው ከወንበሩ ወደ ፊት አለ። «ጋሼ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ። ስድሳ አራት በል። አብረን እንበላለን። ደጅህን አልረግጥም፣ ደጄን አትረግጥም፤ ገንዘቡ ራሱ ይመጣልሃል። ጉሮሮህን አትጠርግም!»

በውጭ የማተሚያው ማሽን ይንጓጓል። ታላቅየው ወደ ድምፁ ዞረ፤ የሚያየው በዚያች ቀዳዳው ነውና ወንድሙን ለማግኘት ፊቱን ቀስ እያለ አዞረው፤ አፉን አገኘ፣ አፍንጫውን አገኘ፣ ዓይኑን አገኘ። ዓይኑ ላይ ቆየ።

«ሃምሳ ስምንት» አለ። «ሃምሳ ስምንት ከስምንት ወር። ጤነኛ ነኝ። ሥራ አለብኝ።»

ወጥቶ ሄደ። ኃላፊዋ የተባለውን ጻፈች።

ታናሽየው በማግሥቱ ጠዋት፣ ገና የፊርማ መዝገቡ ሳይከፈት፣ አሮጌ የጠራዥ ሽርጡን ለብሶ በሩ ላይ ተገኘ። ባለቤቱ አየውና «ደሞዝ የለህም እኮ» አለው። «ደሞዝ አልጠየቅሁም» አለ። ባለቤቱ በነፃ የመጣ እጅ የሚመልስ ሰው አልነበረም። ታናሽየው በርጩማ ስቦ ከማሽኑ አጠገብ ተቀመጠ።

ታላቅየው አንድ ሙሉ ቀን አላናገረውም። በሁለተኛው ቀን ቁልሉን አስገብቶ ቆመና፣ ወደ እሱ ሳይዞር፣ «የት ላይ ነኝ?» አለ።

«ወደ አንተ ትንሽ። ትንሽ። አሁን ያዘው። እጅህን ሳብ።»

«ስቤያለሁ።»

«እርገጥ።»

ምላጩ ወረደ። ጠርዙ እንደ ድሮው፣ እንደ መስተዋት ለስልሶ ወጣ።

እንዲህ ሆነው ወራት ሠሩ። አንዱ ዓይን፣ አንዱ እጅ። የተበላሸ ሥራ ጠፋ፤ ባለቤቱ ደስ አለው፤ ሠራተኛው «መንታዎቹ» ይላቸው ጀመር። ታናሽየው ማታ ቤቱ ሲገባ ግንባሩን ይወጋው ነበር፤ የድካም ነው አለ። ጋዜጣውን ራቅ አድርጎ ማንበብ ጀመረ፤ ከዚያ ጭራሽ ተወው። የወሬው ዓይነት ሰለቸኝ አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ በመንገዱ መብራት ዙሪያ ቀለበት ያይ ነበር፤ ጭጋግ ነው አለ። ለማንም አልተናገረም፤ ለማን ይናገራል? አሥራ አንድ ወር ቀርቷል።

አንድ ጠዋት፣ ሰማዩ ዳምኖ የክፍሉ መስኮት አመድ መስሎ ሳለ፣ ታላቅየው አዲስ ቁልል አስገባ። ብዙ ሥራ ነበረ፤ ከበር ሥራውን ሊጭን የመጣው መኪና ሾፌር ጥሩምባ ይነፋል።

«የት ላይ ነኝ?»

ታናሽየው ጎንበስ ብሎ አየ። የእርሳሱ መስመር ሁለት ነበር። ዓይኑን በሽርጡ ጠረገና ደግሞ አየ፤ ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን፣ አንዱ ከሌላው አንድ ጣት ያህል ርቆ ተጋድመዋል። ምላጩም ጠርዙ ይዋልላል።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ምንም። አንዴ ቆይ።»

«ሰውየው ጥሩምባ እየነፋ ነው እኮ!»

ታናሽየው ከሁለቱ መስመሮች ቀረብ ያለውን መረጠ። «ወደ አንተ ትንሽ» አለ። «በቃ። እጅህን ሳብ።»

«ስቤያለሁ። አይታይህም?»

የወንድሙ እጅ ነጭ ወረቀቱ ላይ ይሁን ከወረቀቱ ውጭ አልለየም፤ በዚያ አመድ ብርሃን ውስጥ ነጭ፣ ግራጫ፣ የተጠቀለለ ጨርቅ የሚመስል ነገር አየ።

«ይታየኛል» አለ ታናሽየው። «እርገጥ።»